በከድር ሸክላ ላይ የተሰጠ አስተያየት

ዛሬ አስተያየት መስጠት እንዴት ቀሏል! አንዱ ያልቀመሰውን ወጥ ጨው በዝቶበታል ይላችኋል፤ ሌላው ያላየውን ቲያትር መጨረሻው አልጣመኝም ይላችኋል። ስታፋጥጡት ደግሞ «የግል አስተያየቴ ነው» ብሎ ሻዩን ያማስላል። በእኛ ጊዜ የግል አስተያየት የሚባል ነገር አልነበረም። አስተያየት የሚሰጠው በስብሰባ ነው፤ ያውም በወረፋ። ወረፋችሁ ሲደርስ ትነሳላችሁ፣ ጉሮሯችሁን ትጠርጋላችሁ፣ ከእናንተ በፊት የተናገረውን ጓድ ሐሳብ እንደምትደግፉ ትገልጻላችሁ፣ ከዚያ እሱ ያለውን ትንሽ አስረዝማችሁ ትደግሙና ትቀመጣላችሁ። አለቀ።

ከሁሉ የሚከብደው «አልገባኝም» ማለት ነበር። አልገባኝም ያለ ሰው በሁለት ነገር ይጠረጠራል፤ ወይ ንቃቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ወይ ሆን ብሎ ነው። ለሁለቱም ሌላ ስብሰባ ይጠራል። ስለዚህ አሰላ ከተማ ውስጥ ለብዙ ዓመት ያልገባው ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩና ግራ የገባኝን ነገር ሁሉ አንገቴን እየነቀነቅኩ ነው ያሳለፍኩት። ግራ መጋባታችን ሁሉ ተጠራቅሞ ተጠራቅሞ የወጣው አንድ እሑድ ጠዋት፣ በአንድ የዘፈን ሸክላ የተነሳ ነው። እሱን ላጫውታችሁ።

ሸክላው የከድር ነው። ከድር አሰላ ተወልዶ ያደገ፣ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ የሚጨርስ ወጣት ነበር። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት አንድ በር ሙዚቃ ቤት አለችው። ባንኮኒ፣ የካሴት መደርደሪያ፣ ከኋላ ደግሞ ጠባብ ጓዳ፤ ሌላ ምንም የላትም። አባቱ ካረፉ ወዲህ እናቱንና ሁለት እህቶቹን የሚያስተዳድረው በዚህችው ቤት ነው። ከበሩ በላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ ጠዋት የአማርኛ፣ ከሰዓት የኦሮምኛ፣ በገበያ ቀን ሁለቱንም እያፈራረቀ ያሰማል። የሳጉሬ ገበያተኛ ከአውቶቡስ ሲወርድ ቀድሞ የሚቀበለው የከድር ዘፈን ነበር።

እንግዲህ በዚያን ሰሞን የገብስ ዘር ሲያጠና የኖረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ለከድር ሸክላ ሰጠው። ሽፋኑ ላይ ከመሬት ተነቅሎ አየር ላይ የተንሳፈፈ ተራራ ተስሏል። ተራራው በር አለው። በሩ ተከፍቷል፤ የሚገባም የሚወጣም ሰው የለም። ፈረንጁ «ይህ ተራማጅ ሮክ የሚባለው ሙዚቃ ነው፤ አዲስ ቡድን ናቸው» ብሎት ነበር አሉ። ኋላ ከድር ይህንን ለመከላከያነት ቢያቀርብ የቀበሌው ሊቀመንበራችን «ተራማጅነታቸውን ያረጋገጠው ማን ነው?» ብለው ዘጉት፤ እኔም በልቤ እውነታቸውን ነው አልኩ።

የሸክላው ጉድ በአንድ ፊቱ አንድ ዘፈን ብቻ መያዙ ነው። እኛ የምናውቀው ዘፋኝ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ወዶ፣ ተለይቶ፣ አልቅሶ፣ ታርቆ ይጨርሳል። እነዚህ በአምስት ደቂቃ ገና ኦርጋናቸውን እየነካኩ ነው። ከዚያ ከበሮው ይመጣል፤ ለመድኩት ስትሉ ይለወጣል። ጊታሩ ያለቅሳል፤ ምን ሆኖ እንደሆነ አይናገርም።

አንድ የገበያ ቀን ከድር ይህንን በድምፅ ማጉያው ለቀቀው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ዘነበ በዚያው ሰዓት አዲስ ካኪ ሱሪያቸውን ለብሰው በሙዚቃ ቤቱ ፊት ያልፋሉ። ሙዚቃው ድንገት ቀጥ አለ። ከዚያ ድምፅ ማጉያው ውስጥ አንድ ሰውዬ ሳቀ። ረጅም ሳቅ ነው፣ ሰው አዳልጦት ሲወድቅ አይቶ የሚሳቅ ዓይነት። ገበያተኛው ድምፅ ማጉያውን አየ፤ ቀጥሎ ጓድ ዘነበን አየ። ጓድ ዘነበ ደግሞ ሱሪያቸውን አዩ።

ከሰዓት በኋላ ሙዚቃ ቤቱ ታሸገ።

ጓድ ዘነበ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን በእውነት ነው የምላችሁ። ከለውጡ በፊት ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የግማሹን ከተማ ወገብ በሜትር የሚያውቁ ሰው ናቸው። የሰጡትም ውሳኔ በጊዜው ደግ የሚባል ነው። ሰፊው ሕዝብ እሑድ አዳራሽ ተሰብስቦ ሸክላውን ከዳር እስከ ዳር ይሰማል፣ አስተያየቱን ይሰጣል። ሕዝቡ ካወገዘው ቤቱ ለኅብረት ሱቁ የሳሙና መጋዘን ይሆናል፤ ካላወገዘው እሽጉ ይነሳል። የከድር እናት ይህን ሲሰሙ «ልጄ፣ ሰው የሚያውቀውን ዘፈን ብታጫውት ምን ነበረበት?» አሉት። የሁለቱ እህቶቹ ትምህርት፣ የቤቱ ቀለብ፣ ሁሉም ነገር አንድ ሸክላ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ከድርን የማይወድ አልነበረም። አዳራሹ የሞላው ሰው ሁሉ ሊያድነው ነው የመጣው። ችግሩ፣ ያንን ነገር ምን ብሎ እንደሚያመሰግነው የሚያውቅ አልነበረም።

ማጫወቻው ቀይ ጨርቅ በለበሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። እኔ እንግሊዝኛ ያውቃል ተብዬ ከፊት ተደርጌአለሁ። ከድር መርፌውን አሳረፈ፤ ኦርጋኑ መጣ፣ ከበሮው መጣ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ዘፋኙም መጣ።

«ጓድ መምህር፣ ምን ይላል?» አሉ ጓድ ዘነበ።

ቃሉን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። ውሃ አለ፣ አውቃለሁ። በር አለ፣ አውቃለሁ። ነገ የምጠጣው ውሃ ትናንት አስጠማኝ ሲል ግን ላብ አጠመቀኝ።

«ስለ ውሃ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«የመጠጥ ውሃ ችግር ነው?»

«እሱንም ይነካል» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። አዳራሹም ተከትሎ ነቀነቀ። ወዲያው ያ ሳቅ መጣ። ሳቁ እስኪያልቅ ሰዉ ጫማውን ነው ያየው፤ ያን ያህል ጫማ የታየበት ስብሰባ አላስታውስም። የመጀመሪያው ፊት ሲያልቅ አስተያየት ተከፈተ።

ቀድመው የተነሱት ከሴቶች ማኅበር እትዬ አስካለ ናቸው። «ዘፈኑን አላውቀውም» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ሳቁን ግን አውቀዋለሁ። ባሌ የሞተ ለታ እኔም እንዲህ ስቄያለሁ። ሰውየው ማንም ላይ አልሳቀም፤ ጨንቆት ነው።» ተቀመጡ። እኔ ያን ሁሉ እንግሊዝኛ ተምሬ እትዬ አስካለ ያሉትን ማለት አለመቻሌ ዛሬም ይገርመኛል።

ቀጥሎ የቀበሌው ኪነት ቡድን አኮርዲዮን ተጫዋች ተነሳ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ የትግል ጓዶቻችን መተባበር ይጎድላቸዋል። ከበሮ መቺው ለብቻው ነው የሚሄደው። እስክስታ ልሞክርበት ትከሻዬን አነሳሁ፤ ሳላወርድ ጥሎኝ ሄደ።» ይህ ለከድር ይሁን በከድር ላይ ማንም አልለየም፤ ግን ተጨበጨበ።

ኦቦ ገመቹ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከሳጉሬ የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ አስተያየት የመስጠት ግዴታ አልነበረባቸውም። እጃቸውን አወጡ። «ሲርቢ ኩን ዮም ጀልቀባ?» አሉ። ከዚያ ያልገባው እንዳይኖር በአማርኛ ደገሙት። «ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?»

ጓድ ዘነበ ወደ ከድር ዞሩ። «ይመልስ።»

«አባባ፣ ተጀምሮ አንዱ ፊት አልቋል» አለ ከድር።

«ኧረ?» አሉ ሽማግሌው፤ በጣም አዝነው ተቀመጡ።

ሰዉ ፈገግ ማለት ጀምሮ ነበር። ይሄኔ ጓድ ሽብሩ የሚባል፣ በየስብሰባው መጨረሻ ላይ አንድ አደገኛ ነገር የማያጣ የመዘጋጃ ቤት ሠራተኛ የሸክላውን ሽፋን ከፍ አድርጎ ያዘ። «ይህንን ተራራ አስተውላችሁታል? ጭላሎ ነው። ከነሥሩ ነቅለውታል። ገብስ ላጥና ብሎ የመጣ ሰው ተራራችንን ምን ሊያደርገው ነው በር የሚያወጣለት?» አዳራሹ በመስኮቱ አሻግሮ ጭላሎን አየ። ተራራው ቦታው ላይ ነው፤ ቢሆንም ማመንታት ተጀመረ። ቀጥሎ የተነሳው የጓድ ሽብሩን ሐሳብ ደገፈ፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለውም የሁለቱን። ነገሩ ወደ ሳሙናው እያዘነበለ መጣ። የከድር እናት ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው የነጠላቸውን ጫፍ ሲያፍተለትሉ አየኋቸው።

«ሁለተኛው ፊት ይሰማና እንወስናለን» አሉ ጓድ ዘነበ።

ሁለተኛው ፊት በቀስታ ጀመረ። ከባድ ኦርጋን፣ እንደ ሰልፍ የሚረግጥ ከበሮ፣ ከዚያ ብዙ ሰዎች አፋቸውን ሳይከፍቱ የሚያዜሙት የሚመስል ድምፅ። በዚያ ዘመን ስብሰባ ሲዘጋ ሁላችንም ተነስተን፣ ግራ እጃችንን ጨብጠን ወደ ላይ አንስተን የምንሰማው መዝሙር ነበር፤ ድምፁ ቁርጥ እሱን ይመስላል። የአዳራሹ ዘበኛ አባ ደምሴ የድሮ ወታደር ናቸው፤ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ሸለብ አድርጓቸዋል። ያ ድምፅ በእንቅልፋቸው መጣ። ስብሰባው ያለቀ መሰላቸው። ብድግ ብለው ደረታቸውን ነፉ፣ ግራ እጃቸውን ወደ ጣሪያ ሰደዱ።

አጠገባቸው ያለው ሰው አያቸውና ተነሳ። እሱን ያየው ተነሳ። እኔም ተነሳሁ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ያልተነሳ እኔ ብቻ እንዳልሆን ፈርቼ ነው። ጓድ ሽብሩ ሽፋኑን እንደያዘ ተነሳ። ጓድ ዘነበ ቀና ሲሉ ሰፊው ሕዝብ በሙሉ ቆሞ፣ እጁን ጨብጦ ያያቸዋል። ምን ያድርጉ? ተነሱ፤ እጃቸውንም አነሱ።

ታዲያ ዘፈኑ ያልቃል እንዴ? አያልቅም። ያለቀ ሲመስል ጊታሩ እንደገና ይቀሰቅሰዋል። ትከሻችን ዛለ፣ ጣታችን ደነዘዘ። ቀድሞ እጁን የሚያወርድ ግን ከየት ይምጣ? እትዬ አስካለ ግራ ክንዳቸውን በቀኝ እጃቸው ደግፈው ቆሙ፤ እሱን አይተን ሁላችንም ደገፍን። በመጨረሻ መርፌው መሃል ደርሶ ሲያንኳኳ ሁላችንም እኩል ቁጭ አልን።

ጓድ ዘነበ ለምን ቆማችሁ እንዳይሉ እሳቸውም ቆመዋል። እናውግዘው እንዳይሉ እጅ አንስተውለታል። «ሰፊው ሕዝብ ቆሞ ተቀብሎታል» አሉ በመጨረሻ፣ ክንዳቸውን እያሹ። «እሽጉ ይነሳ።» የከድር እናት እልል ሲሉ አዳራሹ ተቀበላቸው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ጓድ ሽብሩ እጁን አወጣ። «ዛሬ ቆመን የሰማነውን ነገ ቁጭ ብለን ብንሰማው ምን ይባላል? የትም ቦታ ሲሰማ ቆመን፣ እጃችንን አንስተን ይሁን።» ይህንን የሚቃወም ደፋር አልተገኘም። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ከድር ሊያመሰግን ብሎ በቀጣዩ ገበያ ሸክላውን ለቀቀው። መናኸሪያው ባለበት ቆመ። የሳጉሬው ሹፌር አንድ እግሩን መሬት፣ አንዱን ደረጃው ላይ አድርጎ እጁን አነሳ። ጆንያ የተሸከመው ወዛደር ጆንያውን በአንድ እጁ ይዞ ሌላውን አነሳ። መሃል ላይ ዝናብ መጣ፤ ሰዉ ቆሞ በሰበሰ። ከድር እንዳያቋርጠው ፈራ፣ እንዳይተወው አዘነ። ከዚያ ወዲያ ያ ሸክላ በድምፅ ማጉያው ተሰምቶ አያውቅም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በሩ ተዘግቶ አገኘሁትና በጓሮ ዞሬ ገባሁ። ከድር ጓዳው ውስጥ ባዶ ሣጥን ላይ ቁጭ ብሎ፣ ድምፁን እስኪጠፋ ድረስ ዝቅ አድርጎ ሸክላውን ይሰማል። ሳይፈቀድለት በአደባባይ ያሰማው የነበረውን ከተፈቀደለት በኋላ ተደብቆ ይሰማው ጀመር። ተቀመጥኩ።

«ያን ቀን ሁሉም አስተያየት ሲሰጥ አንተን የጠየቀህ የለም» አልኩት። «ወደድከው?»

«እኔንጃ መምህር» አለ። «ሁለተኛውን ፊት ሳልሰማው ነው ቤቱን ያሸጉብኝ። አዳራሽ ስሰማው ደግሞ ክንዴን ነበር የማዳምጠው። እስቲ ቁጭ ብዬ ሰምቼው ልወቅ ብዬ ነው።»

የጓሮው በር ተንኳኳ። ሳንነጋገር ሁለታችንም ዘለን ተነሳን፤ እጃችን ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረው። በሩ ተከፈተ። ጓድ ዘነበ ናቸው፤ ብቻቸውን፣ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘዋል። እኛን አዩ፣ ሸክላውን አዩ፣ ከዚያ ዞረው በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት።

«እጃችሁን አውርዱ» አሉ ቀስ ብለው። «ስመጣ ማንም አላየኝም።»

የቀረ መቀመጫ ስላልነበረ እግራቸውን አጥፈው መሬት ተቀመጡ፣ አዲሱን ሱሪ ለብሰው። «ከመጀመሪያው አድርገው» አሉት ከድርን።

ከድር መርፌውን መለሰው። ሦስታችንም አንዱን ፊት ሰማን፤ ተገልብጦ ሌላውንም ሰማን። ሲያልቅ እርስ በርስ ተያየን። ጓድ ዘነበ አስተያየት አልጠየቁም፤ እኛም አልሰጠንም። ሱሪያቸውን አራግፈው፣ ቆባቸውን አድርገው በጓሮው ወጡ።

በሚቀጥለው እሑድ የራሳቸውን በርጩማ ይዘው መጡ።