ፊቱን አየሁት፤ ጀርባውስ?

ወረቀት ባለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ ባለጉዳይ ቢያለቅስም ቢዝትም ንቅንቅ የማይል አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ ንብረት ምዝገባ ክፍል የደረሰን የዚህ ዘር አውራ ነው፤ ክቡር ጋሼ ጀርባው፣ የሦስተኛው መስኮት ባለሥልጣን።

ስሙን ያወጣንላቸው እኛው ነን። ሰነዱ ባለ ሦስት ማህተምም ይሁን፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያወርዱና፣ «ፊቱን አየሁት፤ ጀርባውስ?» ይላሉ። የሠርጌን ጥሪ ስሰጣቸው እንኳ ቀድመው ያዩት ጀርባውን ነው። «ባዶ ነው» አሉ፣ ሙሽራዋን የተጠራጠሩ ይመስል።

እኔ አራተኛው መስኮት ላይ ነኝ። ስንቱ ባለጉዳይ «ወንድሜ፣ ከእሳቸው ገላግለኝ» እያለ ወደ እኔ እንደሸሸ ቤቱ ይቁጠረው።

አንድ ጠዋት ታዲያ ክራቫት ያሰረ ሰውዬ የአክስቴን ቤት ጉዳይ ይዞ ሦስተኛው መስኮት መጣ። አክስቴ ስትበደር ሁለት ወረቀት ፈርማለች፤ አንዱ «እከፍላለሁ» የሚል የተስፋ ሰነድ፣ ሌላው ካልከፈለች ቤቷ እንዲሸጥ የሚፈቅድ የመያዣ ውል። ሰውዬው ዕዳውን ከአበዳሪዋ ገዝቻለሁ፣ መያዣው በስሜ ይዙር ባይ ነው። እሷ ግን በየወሩ የምትከፍለው፣ አበዳሪዋ ዕዳውን አስተላልፌለታለሁ ላላት ለአንድ ነጋዴ ነው! ዘመድ ነኝና በጉዳዩ መግባት ክልክል ነው።

«ጋሼ፣ የመያዣ ውሉ ይኸው። ማህተሙም ይታያል» አለ ባለ ክራቫቱ።

«ፊቱን አየሁት። የተስፋ ሰነዱስ?»

«እሱ ቤት ነው። ምን ያደርግልዎታል? ቤቱን የያዘው ይሄኛው!»

«ወንድሜ፣ ሰውየው የተስፋ ሰነዱ ነው፤ መያዣው ጥላው ነው። ጥላ ብቻውን በር ሲያንኳኳ አይቼ አላውቅም። ዋናውን አምጣና አበዳሪዋ ጀርባው ላይ ለማን እንደፈረመ እንይ።»

ሰውዬው ለመነ፣ ፎከረ፣ በመጨረሻም አለቃችንን ጠራ። አለቃም፣ «ጋሼ፣ ለዛሬ እንኳ ይለፉት» አለ።

«እርስዎ ይፈርሙበታ!» ብለው እስክሪብቶ ዘረጉለት። የአለቃ እጅ ኪሱ ገባ።

በማግስቱ ወሬው የደረሳት አክስቴ ነጋዴውን ከነሰነዱ እየነዳች መጣች። ጋሼ ገለበጡት፤ የአበዳሪዋ ፊርማ፣ ቀኑ፣ የነጋዴው ስም። ባለ ክራቫቱ የሱን ሰነድ እስከ ዛሬ ቤቱ እየፈለገ ይሆናል።

ባለፈው ዓርብ ጋሼ ጡረታ ወጡ። የምስጋና ወረቀት ሰጠናቸው፤ ፊቱን ሳያነቡ ገለበጡት። ሁላችንም ጀርባው ላይ ፈርመናል፣ አክስቴም አለችበት። ከሁሉ በላይ እኔ፣ «ሦስተኛው መስኮት ከነጸባዩ ለእኔ ተላልፏል» ብዬ ጽፌያለሁ።

መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አጠለቁ።

«ቀን የለውም» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ።

ቀኑን ጻፍኩ።