የዶና ሳቢና በር

(ከቤይራ ከተማ ወጣ ያለ የአሣ አጥማጆች መንደር። ከባዱ አውሎ ነፋስ ካለፈ ጥቂት ቀን ሆኖታል። ዶክተር ዜፌሪኖ የባሕሩ ውሃ መንደሩ ውስጥ ምን ያህል ከፍ እንዳለ የሚለኩት ቡድኖች አስተባባሪ ነው፤ ቤልሚራ ረዳቱ ናት። በተከራዩት የወይዘሮዋ የዶና ሳቢና ቤት በር ላይ ይጨቃጨቃሉ።)

ቤልሚራ፦ ኧረ ዶክተር፣ ይህን መቀርቀሪያ ለመክፈት ሳጎነብስ ወገቤ ተቆረጠ!

ዜፌሪኖ፦ ወገብሽን ተቆጪ! ከጎርፉ በኋላ ተገንጥሎ የወደቀውን በር ማን ገጠመው?

ቤልሚራ፦ እርስዎ።

ዜፌሪኖ፦ አናጢ ጠራሁ?

ቤልሚራ፦ አልጠሩም።

ዜፌሪኖ፦ እንግዲያው አመስግኚና አጎንብሺ! አሁን ሜትሩን ያዢ። ዶና ሳቢና ግድግዳውን አጥባ ጉድ ሠርታናለች፤ የጭቃው ምልክት የቀረው እዚህ በር ላይ ብቻ ነው። (ክንዱን ሽቅብ ዘርግቶ የጭቃውን መስመር እየነካ) ይኸው! ውሃው ከራሴ በላይ ነበር።

ቤልሚራ፦ ግን እኮ ጭቃው ከመስመሩ በላይ ነው። ከታች ንጹሕ ነው።

ዜፌሪኖ፦ የታቹን ውሃው ራሱ አጥቦታል።

ቤልሚራ፦ አሃ። ታዲያ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስኳር እንዴት አልሟሟም?

ዜፌሪኖ፦ የአገራችን ስኳር ጠንካራ ነው።

ቤልሚራ፦ ዶሮዋስ? እዚያው ጠረጴዛ ላይ እንቁላሏን እንደታቀፈች አይደለች እንዴ!

ዜፌሪኖ፦ ትንፋሿን ይዛ ነው።

ቤልሚራ፦ ሌሊቱን ሙሉ?

ዜፌሪኖ፦ እናት አይደለች እንዴ! እናት ለልጇ የማትሆነው ምን አለ?

ቤልሚራ፦ ምስኪን።

(ስልክ ይጮኻል።)

ኦዴቴ፦ (በስልክ) ዶክተር፣ ኦዴቴ ነኝ፣ ከትምህርት ቤቱ ቡድን። እኛ ጉልበት ድረስ ብለን ለክተናል። የገበያው ቡድንም ጉልበት ነው ያለው።

ዜፌሪኖ፦ የማን ጉልበት? የቀጭኔ? ከራስ በላይ ነው! መቀናጀት ማለት አንድ ቁጥር ማለት ነው፤ የእኔን ጽፋችሁ ላኩ!

ኦዴቴ፦ እ... እሺ ዶክተር።

(ስልኩ ይዘጋል።)

ቤልሚራ፦ ዶክተር፣ አዲሱ ጤና ጣቢያ እኮ በዚህ ቁጥር ነው የሚሠራው። ወለሉ ከውሃው በላይ ይሁን ተብሏል። እህቴ ምጥ ሲመጣባት መሰላል ልትወጣ ነው?

ዜፌሪኖ፦ ከአሁኑ ትለማመድ። ኮኮናት ዛፍ ሞልቷል።

ቤልሚራ፦ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች እኮ! አሳዘነችኝ።

(ከውጭ ድመት በሩን ከታች እየቧጨረች ትጮኻለች።)

ዜፌሪኖ፦ ይህችን ድመት ዝም አሰኚልኝ!

ቤልሚራ፦ (ወጥታ) መግባት ፈልጋ ነው። ዶክተር፣ ያቺ በሩ አናት ላይ ያለችው ቀዳዳ ምንድን ናት?

ዜፌሪኖ፦ አየር ማስገቢያ! (በሩን ዘግቶ መቀርቀሪያውን ይቆልፋል።) ሥራ ላይ ነኝ!

ቤልሚራ፦ እንግዲያው በአየሩ ትግባ። ነይ እናቴ... እንዲህ...

(ድመቷ በቀዳዳው ሾልካ ዜፌሪኖ ጭንቅላት ላይ ዱብ ትላለች።)

ዜፌሪኖ፦ ኡኡ! ዓይኔን! ዓይኔን!

ቤልሚራ፦ (በቀዳዳው አጮልቃ) ልክክ አለች እኮ! ለእሷ የተሰፋች ነው የምትመስለው። የድሮ ጸጉሯም ጠርዙ ላይ አለ። ዶክተር፣ የዶና ሳቢና ድመት ትበራለች እንዴ?

(ዜፌሪኖ ቀዳዳዋን ያያል። መቀርቀሪያውን ያያል። ጭቃውን ያያል። ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ በሩን እንደገና ያያል።)

ዜፌሪኖ፦ ቤልሚራ... በሩን ገልብጦ የገጠመው ማነው?

ቤልሚራ፦ እርስዎ። አናጢም አልጠሩም።

ዜፌሪኖ፦ (ስልኩን አንስቶ ይደውላል) ኦዴቴ! ያንን ቁጥር እንዳትልኪ!

ኦዴቴ፦ ልከነዋል! ሁላችንም ተቀናጅተን! መሐንዲሱ ደውሎ «ጤና ጣቢያ ነው ወይስ የወፍ ጎጆ የምሠራው?» እያለ ይጮኽብናል።

ዜፌሪኖ፦ ወደ ጉልበት መልሱት! አሁኑኑ!

ኦዴቴ፦ እሺ፣ ግን ምክንያቱን ምን ብለን እንንገረው?

ዜፌሪኖ፦ (ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ፣ በቀዳዳው) ቤልሚራዬ፣ በእናትሽ፣ ምን እንበላቸው?

ቤልሚራ፦ ውሃውስ ከጉልበት አላለፈም፤ ከልኩ በላይ የወጣው አስተባባሪው ነው በሏቸው። አሁን አጎንብሰው ይክፈቱልኝ።