የባሕር ነፋስ አዋቂው በጅጋ አውድማ

ሥራውን ለአማቱ ማስረዳት የማይችል ወንድ ሚስት ባይፈልግ ይሻለዋል! ሐኪም ከሆናችሁ ታድላችሁ፤ «ሐኪም ነኝ» ብላችሁ ጉልበት ስማችሁ ትቀመጣላችሁ። እኔ ግን ምን ልበል? እንጀራዬ ነፋስ ነው። ያውም የባሕር ዳርቻ ነፋስ... ጣናን እንዳይመስላችሁ፣ የቀይ ባሕሩን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዓለምን አየር ጠባይ በኮምፒውተር የሚያሰሉ ሞዴሎች አሉ። ምድሩንም ባሕሩንም በሣጥን በሣጥን ይከፋፍሉና ለእያንዳንዱ ሣጥን አንድ ነፋስ ያድሉታል። የእኔ ሥራ ያደሉት ነፋስ በእውነት ከነፈሰው ጋር ይገጥም እንደሆነ ማመሳከር ነው። መሀል ባሕር ላይ ደህና ናቸው። ዳርቻው ሲደርሱ ግን ግማሹ ሣጥን ውኃ፣ ግማሹ ተራራ ይሆንባቸውና ግራ ይጋባሉ፤ ወይ ነፋሱን ያደክሙታል፣ ወይ አቅጣጫውን ያስቱታል። «ባሕር የሌለህ ሰው በሰው ባሕር ምን አገባህ?» እንዳትሉኝ፣ እናቴ ቀድማችኋለች።

ባለፈው ታኅሣሥ ታዲያ የነፍስ አባቴን መምሬን ከፊት አስቀድሜ፣ ሽማግሌ ይዤ ከፍኖተ ሰላም ጅጋ አጠገብ ወዳለች መንደር ወረድኩ። የምፈልጋት ልጅ ጥሩዓለም ትባላለች። አባቷ አያ ይስማው ሽማግሌዎቹን በወጉ ተቀብለው፣ ቅዳሜ የመንደሩን ሰው ለወንፈል ስለጠሩ ጤፋቸውን ከአውድማ ካነሱ በኋላ እዚያው መልስ እንደሚሰጡ ተናገሩ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረው ሥራዬን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ!

«ቅዳሜ ነፋስ አለ በለኛ!»

«አያ፣ እኔ የማውቀው የባሕሩን ነው» አልኩ።

«የባሕሩን ያወቀ የጅጋው ያቅተዋል?»

ዝም አይነቅዝም ይባል ነበር... ማን ሰምቶ! ጥሩዓለም በበሩ ቀዳዳ እያየችኝ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር፣ ስልኬን አወጣሁ። ሞዴሉ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ከፀሐይ መውጫ በኩል ይላል። እኔም «ምናልባት» አልኩ፣ «ሊሆን ይችላል» አልኩ፣ ሣጥኑ ከጅጋ እስከ ቡሬ ያለውን ጋራና ሸለቆ አንድ ሜዳ አድርጎ እንደሚያይም አስረዳሁ። የአያ ይስማው ጆሮ ግን «ምናልባት» የሚባል ነገር አያስገባም። በማግስቱ በጅጋ ገበያ አንዲት ሴት አስቁማኝ፣ የእሷ አውድማ ገና ስላልተለቀለቀ ነፋሱን እስከ ሰኞ እንድይዝላት ለመነችኝ።

ቅዳሜ ማለዳ ከፀሐይ መግቢያ በኩል ለስለስ ያለ፣ ደግ ነፋስ መጣ። የወንፈሉ ሰዎች ጤፉን ወደ ላይ እየበተኑ ከእብቁ የሚለዩበትን ላይዳቸውን አነሱ። አያ ይስማው ከለከሉ፤ የእሳቸው ነፋስ ከቀትር በኋላ ነውና። ሰዉ ጠላውን እየጠጣ ያንን የመሰለ ነፋስ ሲያልፍ ተመለከተ። ሽማግሌዎቹም እብቅ እንዳያገኛቸው ከአውድማው በስተምሥራቅ፣ «ነፋሱ በሚመጣበት» በኩል ተደላድለው ተቀመጡ። እኔ ከነሱፌ መሀላቸው ነኝ።

ቀትር ሆነ፤ ቅጠል አይነቃነቅም። ይባስ ብሎ ከቡሬ በኩል ዳመና ጠቆረ። የዓመት ቀለብ መሬት ላይ ተከምሮ ዝናብ ሊመታው ነው፤ የእኔም ጋብቻ እዚያው ክምር ላይ ነው ያለው! ሰዉ ነፋስ ለመጥራት ያፏጭ ጀመር። መምሬ ፉጨት ለካህን እንደማይገባ ነገሩኝና ትንሽ ቆይተው በጋቢያቸው ተከልለው ሲያፏጩ ሰማኋቸው።

ነፋሱ መጣ። መጣ ብቻ! ከፀሐይ መግቢያ በኩል፣ እንደ ጧቱ፣ ግን በቁጣ። የመጀመሪያው ላይዳ ወደ ላይ ሲበተን የጤፉ እብቅ በሙሉ ሽማግሌዎቹ ላይ ወረደ። ጠላው እብቅ ለበሰ፣ የመምሬ ጥምጥም ቡኒ ሆነ፣ የሽምግልናው ጉባኤ እያስነጠሰ ተበተነ። ጥሩዓለም ሳቋን መያዝ አቅቷት አውድማው ዳር ያለው ጎጆ ውስጥ ገባች። እኔ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና ኮቴን ጥዬ ላይዳ አነሳሁ። አያያዙን ስለማላውቅ ግማሹ እብቅ ወደ ራሴ አፍ ነው የሚገባው። እየሳልኩ፣ እያለቀስኩ በተንኩ። ሰዉ እየሳቀብኝም ቢሆን ፈጠነ፤ የመጨረሻው ጆንያ ጎጆ እንደገባ ዝናቡ ወረደ።

ሁላችንም ጎጆው ውስጥ ታጨቅን። አያ ይስማው ከቅንድባቸው እብቅ እየለቀሙ ሽማግሌዎቹ ፊት ጠሩኝ።

«ልጄ» አሉ፣ «ነፋስ እንደማታውቅ አየን። እኔም አላውቅም፤ ጧት እደጄ የመጣውን መልሻለሁ። ስታፍር ግን እንደማትሸሽ አይቻለሁ፤ ልጄን ሰጥቼሃለሁ።»

መምሬ ሊመርቁ ሲነሱ፣ አያ ይስማው እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው።

«አንድ ነገር ብቻ... የሠርጉን ዳስ ስንጥል በሩን ወዴት እናድርገው ብለን ብንጠይቅህ፣ እባክህ፣ እንዳትመልስልን።»