እትዬ መልስ እና የዕቃ መመለሻው መስኮት

በየሰፈሩ፣ ዕቃ ገዝቶ ቤቱ ከገባ በኋላ ዋናው ግዢ የሚጀምርለት ሰው አንድ አይጠፋም። ሌላው ሰው ዕቃውን ከፍቶ ይጠቀማል፤ ይኼኛው ከፍቶ ይመረምራል። ሌላው ሰው ደረሰኙን ጨምድዶ ይጥላል፤ ይኼኛው አጥፎ መጽሐፍ ውስጥ ያስተኛውና ቀን ይቆጥራል። እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም የሚል ካለ፣ ወይ ሱቅ ገብቶ አያውቅም፣ ወይ ሰውዬው ራሱ ነው።

በአንድ ትልቅ መደብር የዕቃ መመለሻ መስኮት ላይ ስድስት ዓመት የተቀመጠችው ተቀባይ የዚህን ወገን ቁንጮ በቅርብ ታውቃለች። ክብርት እትዬ መልስ ይባላሉ። ስሙን ያወጡላቸው የመደብሩ ገንዘብ ተቀባዮች ናቸው፤ አንድም ገንዘቤን መልሱ ስለሚሉ፣ አንድም ለምንም ነገር መልስ ስለማያጡ። ሠላሳ አራት ዓመት ባዮሎጂ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ቀጠን ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ማክሰኞ ማክሰኞ፣ የመደብሩ በር ገና ከመከፈቱ፣ ከነከረጢታቸው ከች ይላሉ። ዘበኛው ሲያያቸው ኮፍያውን ያስተካክላል፤ ሥራ አስኪያጁ ሲያያቸው ቢሮው ገብቶ በሩን ይዘጋል።

አንድ ጊዜ ትራስ ይዘው መጡ።

"ትራሱ ምን ሆነ እትዬ?" አለች ተቀባይዋ።

"ከገዛሁት ጀምሮ የማልወዳቸው ሰዎች በሕልሜ ይመጣሉ።"

"ታዲያ ትራሱ ምን ያድርግ?"

"እኔ ምን አውቄ። በድሮው ትራሴ አይመጡም ነበር።"

ተቀባይዋ ቅጹ ላይ "ምክንያት" ከሚለው ፊት ለፊት ለአፍታ አሰበችና "አልተስማማቸውም" ብላ ጻፈች። በሌላ ሳምንት የግድግዳ ሰዓት መለሱ፤ ሰዓቱ ልክ ነው፣ ነገር ግን አቆጣጠሩ ነዝናዛ ነው አሉ። ካልሲም መልሰዋል፤ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ሆኖባቸው። "የእኔ እግር ግን ግራና ቀኝ አለው" ብለው ሁለቱንም እግራቸውን ለማስረጃ አቀረቡ።

ይሉኝታ የሚባለው ነገር ለሰው ልጅ ሲታደል እትዬ መልስ ሰልፉ ላይ አልነበሩም ይላል ዘበኛው። ተቀባይዋ ግን፣ ደርሷቸው ነበር፣ በማግስቱ ከነደረሰኙ መለሱት እንጂ ትላለች።

ደግሞ ሐሰት አያውቁም። ራሳቸው የሰበሩትን ዕቃ ይዘው መጥተው አያውቁም። "ሕጉ አሥራ አራት ቀን ይላል፤ ዛሬ አሥራ ሦስተኛው ነው። ነገም መምጣት እችል ነበር፤ የቸኮልኩት ለአንቺ ብዬ ነው" ይላሉ እንጂ። አንዴማ ከገንዘብ ተቀባዮቹ አንዷ ረስታ ያላስከፈለቻቸውን ማበጠሪያ ሊከፍሉ መጡ። ለእንዲህ ያለ ነገር ቅጽ የለንም ቢባሉ፣ ቅጽ እስኪገኝ ድረስ ግማሽ ቀን ቆመው ጠበቁ።

የሚገርመው፣ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ዕቃ ስትቀበል የኖረችው ተቀባይ ራሷ በዕድሜዋ አንድም ነገር መልሳ አታውቅም። የማይቆለፍ ሸሚዝ ከገዛች ለእህቷ ትሰጣለች። የጠበባት ጫማ እስኪሰፋ እያነከሰች ትሄዳለች። አንድ ጊዜ የማይሠራ የፀጉር ማድረቂያ ገዝታ፣ ልመልሰው ብላ እስከ ሱቁ በር ከሄደች በኋላ፣ ሻጩ "እንዴት ነሽ የኔ እህት" ሲላት ጊዜ አፍራ ሌላ ሁለተኛ ገዝታ ወጣች። ሁለተኛውም አይሠራም ነበር።

ከዓመት ወዲህ እትዬ መልስ ሌላ ዘመቻ ከፍተዋል። ማስተማር ትተው ማስተማር አልተዋቸው ብሎ፣ ከመስኮቱ ፊት የሚሰለፈው ሕዝብ አዲሱ ክፍላቸው ሆኗል። ትምህርቱም አንድ ነው፤ አንቲኦክሲዳንት።

"ሰውነታችን ምግብ ሲያቃጥል ፍንጣሪ ይወጣዋል" ይላሉ ወደ ሰልፉ ዞረው። "ጥቂቱ አይጎዳም። ሲበዛ ግን ያገኘውን ሴል ሁሉ ይለበልባል። አንቲኦክሲዳንት ማለት ያንን ፍንጣሪ እየተከተለ የሚያበርድ ነው። የት ይገኛል?"

ሰልፈኛው ወደ መሬት ያያል። ተማሪ ምንጊዜም ተማሪ ነው።

"ቀይ ሥር፣ ካሮት፣ ቲማቲም፣ ብርቱካን፣ ባቄላ። ቀለም ያለውን ሁሉ ብሉ። ቀለም ስል የከረሜላ አላልኩም።"

"ቸኮሌትስ እትዬ?" ይላል ዘበኛው፣ ከኋላ።

"አለው። ስኳሩን ልመልስ ብትል ግን ማንም አይቀበልህም።"

እንግዲህ ያን ማክሰኞ ይዘው የመጡት የወጥ ቤት ሚዛን ነበር፤ ባዶውን ሲሆን አንድ ግራም ይዋሻል ብለው። ተቀባይዋ ቅጹን እየሞላች፣ እግረ መንገዷን ደስ ልታሰኛቸው ፈልጋ፣

"እኔም እኮ እርስዎን ሰምቼ ለአባዬ አንቲኦክሲዳንት ገዛሁለት" አለች። "ትልቁን ጠርሙስ። በቀን ሦስት እንክብል ይወስዳል።"

እትዬ መልስ ሚዛኑን ትተው መነጽራቸውን አደረጉ።

"እንክብል ግዢ ብዬሻለሁ እኔ?"

"ሻጩ ከምግቡ ጋር ያው ነው፣ እንዲያውም የተጠራቀመ፣ ለልብም ደግ ነው አለኝ።"

"ያው አይደለም። በምግብ የጠቀመ ነገር በእንክብል ሲመጣ እንደዚያው ይጠቅማል ማለት አይደለም፤ ብዙ ተጠንቶ ብዙም ጥቅም አልተገኘበትም። አባትሽ ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ?"

"ለልቡ። ደም የሚያቀጥን።"

"ጠርሙሱ ላይ ቫይታሚን ኢ የሚል አለበት?"

"በትልቁ ተጽፏል።"

ሴትዮዋ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ነበር። "ሰውነታቸው ላይ አዲስ ነገር አላየሽም? መበለዝ? መድማት?"

ተቀባይዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አባቷ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከእሷ ጋር ነው የሚኖሩት። ባለፈው ሳምንት ክንዳቸው ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ሰማያዊ ነገር አይታ ብትጠይቃቸው፣ በር ገጭቶኝ ነው ብለዋት ነበር። ትናንት ጠዋት ደግሞ መታጠቢያው ላይ ደም ያለበት ምራቅ አይታለች። ይህን ሁሉ ነገረቻቸው።

"እኔ አስተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም" አሉ እትዬ መልስ። "ለዚህም ነው ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰጃቸው የምልሽ። የልቡን መድኃኒት በገዛ እጃችሁ እንዳታቆሙ። እንክብሉን ብቻ ይተዉ፤ የቀረውን ሐኪሙ ይናገር። ተነሺ።"

"እስከ ምሳ ሰዓት ልጠብቅና... ሥራ አስኪያጁን ማስቸገር ይሆንብኛል።"

እትዬ መልስ ሚዛናቸውን መልሰው ከረጢታቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ የሥራ አስኪያጁን ቢሮ በር ሁለቴ አንኳኩተው፣ ግቡ ሳይባሉ ገቡ።

"ዛሬ የምመልሰው ዕቃ የለኝም" ሲሉ ተሰሙ። "ይህቺን ልጅ ነው ወደ ቤቷ የምመልሳት። አባቷ ታመዋል። ደረሰኝ ካስፈለገህ ነገ አመጣለሁ።"

ሥራ አስኪያጁ ምንም ደረሰኝ አልጠየቀም።

ሐኪም ቤት ውስጥ የአባቷ ደም ተመረመረ። ወጣቷ ሐኪም ውጤቱን ሁለት ጊዜ አየችው። ደሙ ከሚገባው በላይ ቀጥኗል፤ አንድ መውደቅ፣ አንድ ጭንቅላት መመታት ቢኖር መድማቱን ለማቆም ያስቸግር ነበር፤ በጊዜ መጥታችኋል አለች። ሦስት ቀን እናስተኛቸው ብላም አስተኛቻቸው።

"ድድዎ መድማት የጀመረው መቼ ነው?" ብላ ስትጠይቃቸው፣ ሽማግሌው ሾፌር ልጃቸውን አየት አድርገው፣

"አሥር ቀን ይሆናል" አሉ።

"አሥር ቀን?" አለች ተቀባይዋ። "ለምን አልነገርከኝም አባዬ?"

"ከደመወዝሽ ቆጥበሽ የገዛሽልኝ ነገር ነው። አልተስማማኝም ብልሽ ይከፋሻል ብዬ።"

ወደ ኮሪደሩ ወጣችና ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህ የእሷ አንገት መድፋት፣ ይህ "ይሆንብኛል" የምትለው ነገር፣ ጨዋነት ይመስላት ነበር። ከማን እንደወረሰችውም አስባ አታውቅም። እዚያ ቆማ ግን በሁለቱ መካከል፣ እሷ እሳቸውን እንዳታስቀይም እሳቸው እሷን እንዳያስቀይሙ ሲሉ፣ አንድ ሰው ሊሞት እንደነበር ገባት።

አባቷ ዓርብ ዕለት ወጡ። በማግስቱ ጠርሙሱን ልትጥለው ስትል እትዬ መልስ ስልክ ደወሉ፤ ቁጥሯን ከማን እንዳገኙ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

"መጣሉንማ ትጥይዋለሽ" አሉ። "ያ ሰውዬ ግን ነገ ለሌላ አባት ይሸጠዋል። ደረሰኙ አለሽ?"

"አለኝ። ግን ግድግዳው ላይ የተሸጠ አይመለስም ብሎ ጽፏል።"

"ግድግዳ ላይ የተጻፈ ሁሉ ሕግ ቢሆን፣ የትምህርት ቤታችን ሽንት ቤት ፍርድ ቤት በሆነ ነበር። ልበሺና ነይ።"

ሱቁ ጠባብ ነው፤ ጠርሙሶች እስከ ጣሪያው ድረስ ተደርድረዋል። ሻጩ ተቀባይዋን ሲያይ ፈገግ ብሎ፣ "እንዴት ነሽ የኔ እህት፣ አለቀ እንዴ?" አላት። ወደ እትዬ መልስ ዞረች። ክብርትነታቸው ግን ጥጉ ላይ የጥርስ ብሩሽ እያነሱ፣ በዓለም ላይ ከጥርስ ብሩሽ የሚበልጥ ነገር የሌለ ይመስል፣ አንድ በአንድ ይመረምራሉ። እንደማያግዟት ገባት።

"አላለቀም" አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። "ልመልሰው ነው።"

ሻጩ ግድግዳውን በአገጩ አመለከታት።

"አይቼዋለሁ። አባቴ ሦስት ቀን ሐኪም ቤት ተኝቶ ነበር። ይህንን ስገዛ፣ ማን ነው የሚወስደው፣ ምን መድኃኒት ይወስዳል ብለህ አልጠየቅከኝም። ለልብ ደግ ነው ብቻ ነው ያልከኝ። ደረሰኙ ይኸው፤ የሐኪሟ ወረቀትም ይኸው።"

ስትጀምር ቀጭን የነበረው ድምፅ ስትጨርስ ወፍሮ ነበር። አጠገቧ ያሉ አንዲት አሮጊት በእጃቸው የያዙትን ያንኑ ዓይነት ጠርሙስ ቀስ ብለው ወደ መደርደሪያው መለሱ። ሻጩ ይህን አየ። ወረቀቱን አነበበ፤ ጆሮው ቀላ፤ ገንዘቡን አውጥቶ ሰጣት። በእውነት አላውቅም ነበር አለ፣ ቀስ ብሎ፣ እና እውነቱን ይመስላል።

ተቀባይዋ ገንዘቡን ይዛ አልተንቀሳቀሰችም።

"አንድ ነገር ቀረ" አለች። "ግድግዳህ ላይ ሌላ ጽሑፍ ጨምርበት። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳይገዛ።"

ሰውዬው ካርቶን ቀዶ መጻፍ ጀመረ። ያን ጊዜ ነው እትዬ መልስ የጥርስ ብሩሹን ትተው የመጡት። ከቦርሳቸው ቀይ እስክሪብቶ አውጥተው፣ ሁለት የፊደል ስሕተት አርመው፣ "ሐኪም" የሚለውን ቃል በደንብ አድርገህ አስምርበት ብለው መለሱለት።

በገንዘቡ ብርቱካን፣ ካሮትና ቀይ ሥር ገዝተው ወደ ቤት ሄዱ። አረንጓዴ ቅጠል ሲሆን ግን፣ ደም የሚያቀጥነውን መድኃኒት ኃይል ስለሚቀንስ፣ ሐኪሟ እንዳለችው ነው፣ በድንገት አይብዛ በድንገትም አይቅር ብለው፣ እትዬ መልስ ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፈው ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፉ። ሽማግሌው ሾፌር አንዱን ብርቱካን ሲልጡ፣ ነጩን ልጣጭ ብዙ አትንቀሉት ተባሉ። ትንሽ ቆይተው፣ ቶሎ ቶሎ አትዋጡ ተባሉ። ሴትዮዋ ከወጡ በኋላ ወደ ልጃቸው ጠጋ ብለው፣

"እኚህ ሴት ያስተማሯቸው ልጆች በሙሉ በሕይወት አሉ?" አሉ።

"አሉ አባዬ።"

"መቼ ነው ደግሞ የሚመጡት?" አሉ፤ ብርቱካናቸውንም በቀስታ ማኘክ ቀጠሉ።

ከዚያ በኋላ ባለው ማክሰኞ እትዬ መልስ መደብሩ አልመጡም። በሚቀጥለውም አልመጡም። ሥራ አስኪያጁ የተመላሽ ዕቃ ቁጥር መውረዱን አይቶ ደስ ሲለው ዋለ፤ ከሰዓት በኋላ ግን ሁለት ጊዜ ወጥቶ በሩን አየ። ዘበኛው ቸኮሌት ገዝቶ፣ ማንም ሳይገሥጸው በልቶ፣ አልጣፈጠኝም አለ። ተቀባይዋ ስልክ ብትደውል አይነሳም። የሰው ትራስ፣ የሰው ድስት ትቀበላለች፤ ሰዎቹ ምክንያታቸውን ባጭሩ ተናግረው ይሄዳሉ፤ አንዳቸውም የሚያስቅ ነገር አይናገሩም። ሥራዋ እንዲህ ደረቅ መሆኑን ስድስት ዓመት ሙሉ አላስተዋለችም ነበር።

በሦስተኛው ማክሰኞ በሩ ተከፈተና ክብርት እትዬ መልስ ከች አሉ። እህታቸው ዘንድ ሰንብተው፣ ስልካቸውን ረስተው ሄደው ነበር። በእጃቸው አዲስ ጃንጥላ ይዘዋል።

"ጃንጥላው ምን ሆነ እትዬ?"

"ከገዛሁት ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ አልዘነበም።"

ተቀባይዋ ጎንበስ ብላ ዓይኗን ጠራረገች፤ ቀና ስትል ወንበር አውጥታ ሰጠቻቸው። ከዚያ ከቅጾቹ ሁሉ ረጅሙን መርጣ፣ ፊደል በፊደል፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ መሙላት ጀመረች። ከኋላ ሰልፉ እየረዘመ ሄደ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ፤ ሌላው ሰዓቱን አየ፤ ሦስተኛው፣ "እህት፣ እኛም ሥራ አለን" አለ።

"ይጠብቁ" አለች ተቀባይዋ፣ ቀና ሳትል። "ምክንያቱን እየጻፍኩ ነው። እሺ እትዬ፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ፤ ሰማዩ ምን ይመስል ነበር?"