አቶ መድረክ እና የእናቴ ስንብት

በዚህ ዓለም ሰው ፊት ቆሞ መናገር የማይፈራ ሰው የለም። አለ ከተባለም፣ ክፍል ተከራይቶ ሌላውን መናገር የሚያስተምረው ነው። እናንተም ሳታውቁት አትቀሩም።

የእኛው ክቡርነታቸው አቶ መድረክ ይባላሉ። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ተማሪዎቻቸው ነን፤ እናት አባታቸው ያወጡላቸውን የሚያስታውስ የለም። ረቡዕ ረቡዕ፣ ከልብስ ሰፊው በላይ ባለችው ክፍላቸው ወንበሩን ሁሉ ጥግ ቆልለው ይጠብቁናል። "ወንበር የተናጋሪ ጠላት ነው!" ይላሉ፣ አንዱ ላይ ተመቻችተው ተቀምጠው።

እኔን እዚያ ያደረሰኝ የእናቴ ጡረታ ነው። ዕድሜዋን በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ የጨረሰች ሴት ልትሰናበት ሆነና፣ "ልጄ፣ ባልደረቦቼ ፊት ሁለት ቃል ተናገርልኝ፤ አደራ እንዳታሳፍረኝ" አለችኝ። እኔ ደግሞ አስተናጋጅ ጠርቼ ሻይ ሳዝ እንኳ የሚያልበኝ ሰው ነኝ።

"ክፍሉን ሙሉት!" አሉን አቶ መድረክ ገና ስንገባ። ሞልተነው ነበር፤ እግር ማሳረፊያ እንኳ የለም።

"በሰውነት አይደለም፣ በግርማ ሞገስ!"

ግርማ ሞገስ ከየት እንደሚመጣ ስላላወቅን ሁላችንም ደረታችንን ነፋን። አብራን የምትማር የአንዲት የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ የሸሚዟ ቁልፍ ተፈናጠረ። "ግሩም!" አሉ አቶ መድረክ። ለእኛ ይሁን ለቁልፉ እስካሁን አልገባኝም።

ቀጥሎ ጥንድ ጥንድ ሆነን ዝም ብለን እንድንተያይ ታዘዝን። ለእኔ የደረሰኝ ባለታክሲ ነው። ተያየን። እሱም አላበው፣ እኔም አላበኝ። በመጨረሻ ቢጨንቀው፣ "ወንድሜ፣ የት ነው የምትወርደው?" አለኝ።

"ይኸው! ግንኙነት ተፈጠረ!" ብለው አቶ መድረክ አጨበጨቡ።

ከዚያ "ዝናብ መጣ" የምትለዋን ነገር በቁጣ፣ በፍቅር፣ በሐዘን እየተቀባበልን ጮኽን። ከታች ልብስ ሰፊው ያሰጣውን ሊያስገባ ሲሮጥ በመስኮት አየነው።

"ጌታዬ፣ ንግግሩን መቼ ነው የምንማረው?" አልኳቸው።

"ንግግር?" አሉ፣ የሰው ዕቃ የጠየቅኳቸው ይመስል። "እሱማ ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ይመጣል።"

አልመጣም። የስንብቱ ቀን በሆስፒታሉ ማጠቢያ ክፍል፣ በአንሶላ ክምር መሀል ቆምኩ፤ አጣቢዎቹ፣ ልብስ ተኳሾቹ፣ አለቃቸው ሳይቀሩ አፌን አፌን ያያሉ። ደረቴን ነፋሁ። ሁሉንም በዓይኔ አዳረስኩ። ቃል የሚባል ነገር የለም። እናቴ አንገቷን ደፋች።

ይሄኔ፣ ቀኑንና ቦታውን ከእኔ ሰምተው ኖሮ፣ ማንም ያልጠራቸው አቶ መድረክ ከክምሩ ኋላ ብቅ አሉና፣ እንደ ጎረቤት ባለ ተራ ድምፅ፣ "ለመሆኑ እናትህ ምን ትወዳለች?" አሉኝ።

"እንቅልፍ" አልኩ ሳላስብ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። "እውነቱን ነው! ካውያ እንደያዘች ስታንቀላፋ ስንቴ ይዘናታል!" አለች አንዷ ተኳሽ።

"ታዲያ ለምን አትተኛም ነበር?" አሉ አቶ መድረክ።

"ሌሊት የሕመምተኛ አንሶላ ታጥባለች፤ ቀን ደግሞ እኛን..." ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲያ እሳቸው አልጠየቁም፣ እኔም አላቆምኩም። ምን እንዳልኩ ብትገርፉኝ አላስታውስም። እናቴ ቀና ብላ ስታየኝ ብቻ ትዝ ይለኛል።

"ማናቸው እኚያ ሰውዬ?" አለችኝ ኋላ።

"አስተማሪዬ ናቸው።"

"ታዲያ ምን ሆነው ነው በንጹሕ አንሶላዬ ዓይናቸውን የሚጠርጉት?"

ላመሰግናቸው ጠጋ አልኩ። አንሶላውን እንደያዙ ግራ ገብቷቸው አዩኝና፣ "የቅድሙ የትኛው ልምምድ ነው? እኔ እንኳ አላስተማርኩህም" አሉኝ።

"እኔስ ምን አውቄ ጌታዬ! ብቻ ረቡዕ እመጣለሁ።"