እጅ ከፋይል ጋር አይያያዝም

በአገራችን ጣት ከማጣት ይልቅ ጣት ማጣትን ማስረዳት ያማል! ይህን ያልኩት ከመጽሐፍ አንብቤ እንዳይመስላችሁ። መስኮት ቁጥር ሦስት ፊት ተሰልፌ፣ ተመልሼ፣ እንደገና ተሰልፌ ያገኘሁት እውቀት ነው።

ነገሩ የጋሽ ኦይቻ ነው። ጋሽ ኦይቻ እኔ ሥነ ዜጋ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ጥበቃ ናቸው። የጨንቻ ሰው ናቸው፤ ከአባት ከአያት ሸማኔ። በሰሜኑ ጦርነት ዘምተው የግራ እጃቸውን ሦስት ጣቶች እዚያው ግንባር ትተው ተመለሱ። የቀሯቸው አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ብቻ ናቸው። ሸማ ሲሠራ አይታችሁ ለማታውቁ ላስረዳ… (አስተማሪ ነኝ፤ ካላስረዳሁ እንቅልፍ አይወስደኝም!) ሸማኔ መወርወሪያውን በቀኝ ወርውሮ በግራ ይቀልባል፣ በግራ ወርውሮ በቀኝ ይቀልባል። ጋሽ ኦይቻ በሁለት ጣት ለመቅለብ አንድ ክረምት ሙሉ ታገሉ። መወርወሪያው እየሾለከ መሬት ለመሬት ተንከባለለ። በመጨረሻ ወደ አርባ ምንጭ ወረዱና የእኛን በር መጠበቅ ያዙ። በር፣ እግዜር ይስጠው፣ አይወረወርም።

እንግዲህ እንዲህ ላለ ሰው የአካል ጉዳት አበል የማግኘት መብት አለ። መብቱን እኔም በምዕራፍ ሦስት አስተምረዋለሁ። ጋሽ ኦይቻም ሰምተው፣ ለማንም ሳይነግሩ፣ ቢሮ ሄደው አመለከቱ። የመስኮት ቁጥር ሦስቷ ሠራተኛ “ማስረጃ አለዎት?” ስትላቸው የግራ እጃቸውን ከፍ አድርገው አሳዩ።

“ጋሼ፣ እጅ ከፋይል ጋር አይያያዝም” አለቻቸው።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ደብዳቤ ይዘው ወደ መምህራን ማረፊያ መጡ።

“መምህር፣ እስቲ አንብብልኝ።”

አነበብኩት። “ጋሼ፣ ጥያቄዎ ውድቅ ሆኗል። ጉዳቱ በግዳጅ ላይ ስለመድረሱ ማስረጃ አልቀረበም ይላል።”

እጃቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት። “ታዲያ ምን በላኝ ይላሉ? ጅብ?”

“የምንኖረው ሐይቅ ዳር ነው፤ አዞ ጠርጥረው ይሆናል።”

ሳቁ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ጣት ገማ ተብሎ ተቆርጦ አይጣልም ይባላል። የእኛ ቢሮ ግን ለአገር የተቆረጠውን ጣት “አላየሁም” ብሎ ጣለው! ደብዳቤው ግርጌ ላይ “ቅሬታ ካለዎት በሠላሳ ቀን ውስጥ ከነማስረጃዎ ያቅርቡ” ይላል። “ጋሼ፣ እንከራከራለን!” አልኩ ጠረጴዛ መትቼ። “ግን አንዲት ወረቀት እንኳ የለዎትም?”

ጋሽ ኦይቻ ዞር ብለው ማንም እንደሌለ አረጋገጡ። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በጥጥ ጨርቅ የተጠቀለለች፣ ስምንት ቦታ የታጠፈች ወረቀት አወጡ። የግንባር ሆስፒታሉ የሰጣቸው ናት። “በግዳጅ ላይ ሳለ በፈንጂ ፍንጣሪ የግራ እጁ ሦስት ጣቶች ተቆርጠዋል” ትላለች፤ ሐምራዊ ማህተምም አላት።

“ጋሼ! ይህን ይዘው ነው እጅዎን ያሳዩዋቸው?”

“አንድ ብቻ ናት። ወስደው ቢጥሉብኝስ?”

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሥርዓት እወዳለሁ። ጠመኔዎቼን በቀለም ለይቼ ነው የማስቀምጠው። ስለዚህ ለጋሽ ኦይቻ አዲስ ፋይል ገዛሁ፣ ማውጫ ጻፍኩ፣ ገጽ ቁጥር ሰጠሁ። ከዚያም ያቺን ስምንት ቦታ የታጠፈች ወረቀት አየኋት። ልትበጣጠስ ነው! ይዣት ወደ ሲቀላ ሰፈር ወረድኩ፤ ሸምሱ ፎቶ ኮፒ ቤት።

“ሸምሱ፣ ይህችን ላሚኔት አድርግልኝ።”

“ዋናውን? መምህር፣ ኮፒ አንስተን እሱን ፕላስቲክ ብናለብሰው አይሻልም?”

“መጠበቅ ያለበት ዋናው ነው!” ብዬ ስለ ሰነድ አያያዝ አሥር ደቂቃ አስረዳሁት። ወረፋ የያዙ ሰዎችም አብረው ተማሩ። ወረቀቷ ከማሽኑ ወጣች፤ ትኩስ፣ አብረቅራቂ፣ ከጫሞ ሐይቅ አሁን እንደወጣ ዓሣ! ጋሽ ኦይቻ ሲያዩዋት ፊታቸው በራ። “አሁን ዝናብም አይነካት” አሉ።

ዝናብስ አልነካትም…

በማግስቱ መስኮት ሦስት ፊት ቆምን። ባለ መስኮቷ ወረቀቷን በጥፍሯ ቋ! ቋ! አደረገቻት።

“ይህ ምንድን ነው?”

“ዋናው ማስረጃ።”

“ይህ ፕላስቲክ ነው።”

“እህቴ፣ ወረቀቱ ውስጡ አለ። ይታያል እኮ!”

“ይታያል፤ አይዳሰስም። ማህተሙን ዳስሼ ማጣራት አለብኝ። ‘ተመሳክሯል’ ብዬ ጀርባው ላይ ማህተም ማሳረፍ አለብኝ። ፕላስቲክ ቀለም አይዝም። ማስታወቂያውን አላነበብክም? አስተማሪ አይደለህ?”

ቀና አልኩ። ግድግዳው ላይ “ላሚኔት የተደረገ ማስረጃ አናስተናግድም” የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ማስታወቂያው ራሱ ላሚኔት ተደርጓል! እንዳይበላሽ ነዋ…

ከቢሮው ደጅ፣ ማንጎው ዛፍ ሥር ተቀምጠን ፕላስቲኳን በምላጭ ልገፍፍ ሞከርኩ። ጫፏን ስልጥ፣ ሐምራዊው ማህተም ግማሹ ከፕላስቲኩ ጋር ተነሥቶ መጣ። የአንድን ሰው ጦርነት በምላጭ እየላጥኩ ነበር። ሊያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኸው ነው፤ ያጌጥኩት እኔ፣ የተመላለጡት ጋሽ ኦይቻ!

“ተው መምህር” አሉኝ ቀስ ብለው። “ቀዶ ሕክምና እኔን ይበቃኛል።”

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሌላ ወረቀት ከሆስፒታሉ እንዳናስጽፍ፣ ሆስፒታሉ ድንኳን ነበር፤ ድንኳኑ ከተነቀለ ዓመታት አልፈዋል። ፋይል ሳሳምር ጊዜው ሄዶ ከሠላሳው ቀን የቀረን አራት ነው። ሳንሞክር ቀኑ አይለፍ ብለን፣ ያቺኑ የተላጠች ፕላስቲክ ይዘን ተመልሰን ገባን።

ባለ መስኮቷ ፕላስቲኳን ወደ ጎን ገፍታ የቅሬታ ቅጽ ሰጠችን። ቅጹ ከታች አሥር ትናንሽ ሳጥኖች አሉት፤ የአሥር ጣት አሻራ። ልብ በሉ፦ የአካል ጉዳት ቅሬታ ማቅረቢያ ቅጽ ነው! ጋሽ ኦይቻ ጣታቸውን ቀለም እያስነኩ አንድ በአንድ አሳረፉ። ሰባት ላይ ሲደርሱ ጣት አለቀ።

“ሦስት ጎደለ” አለች ቆጥራ።

“የሉም” አሉ ጋሽ ኦይቻ።

“ባዶ ሳጥን ያለበት ቅጽ አልቀበልም።”

“እህቴ፣ የመጣነው እኮ የሉም ልንል ነው!” አልኩ።

“እሱን ኮሚቴው ያያል። እኔ የማየው ቅጹ መሙላቱን ነው። አልተሟላም፤ መልሻለሁ።”

ጋሽ ኦይቻ እጃቸውን በኮታቸው ሊጠርጉ ሲሉ ተዉት፤ ቀለም ነበረበት። ሰባቱን ጥቁር ጣቶቻቸውን አንጠልጥለው ወደ በሩ አዩ። እኔ ደግሞ የማስተምረውን አልኩ፤ ምዕራፍ አራትን።

“እንግዲያው ቅጹ የተመለሰበት ምክንያት በጽሑፍ ይሰጠን።”

“ደብዳቤ ነው የምትፈልገው?” አለች። ፊቷ ሲፈካ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ለካ ሰው ሲመጣባት እንጂ ወረቀት ሲወጣ አይከፋትም! ወንበሯን አስተካክላ መጻፍ ጀመረች። ከዚያ እስክሪብቶዋ ቆመ።

“ጣቶቹ የሌሉት ለምንድን ነው? ምክንያት ያልተጻፈበት ደብዳቤ ኃላፊው አይፈርምልኝም።”

ጋሽ ኦይቻ ፕላስቲኳን ወደ እሷ ገፋ አደረጉ። እሷም አነሣቻት፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ… አነበበቻት! ያቺኑ አይዳሰስም ያለቻትን! አንዲት ቃል ሳታስቀር ገለበጠች። ኃላፊው ፈረመ፣ ክብ ማህተም አረፈበት፣ ወጪ ቁጥርና ቀን ተጻፈበት። እንዲህ ይላል፦

“አመልካቹ በግዳጅ ላይ ሳሉ በፈንጂ ፍንጣሪ የግራ እጃቸው ሦስት ጣቶች የተቆረጡ በመሆኑ የአሥር ጣት አሻራ አሟልተው ማቅረብ ስላልቻሉ ቅጹ የተመለሰላቸው መሆኑን እንገልጻለን።”

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሰልፉ ሳልወጣ ደብዳቤውን ከቅጹ ጋር አያይዤ በዚያው መስኮት መልሼ አስገባሁት።

“ይህ ደግሞ ምንድን ነው?”

“ማስረጃ ነው። ጉዳቱ በግዳጅ ላይ ስለመድረሱ።”

“ማን ጻፈው?”

“አንቺ።”

ደብዳቤውን ገለበጠችው። ቀለሙ ያልደረቀውን ማህተም በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

“ማህተሙ ትክክል ነው” አለች። በሦስቱ ባዶ ሳጥኖች ላይም “የተያያዘውን ደብዳቤ ይመልከቱ” ብላ ጽፋ ተቀበለችን።

ከክረምቱ በኋላ ውሳኔው መጣ። “በቀረበው አዲስና አሳማኝ ማስረጃ መሠረት ቀድሞ የተሰጠው ውሳኔ ተሽሮ መብታቸው ተፈቅዷል” ይላል። አዲስ ማስረጃ! ቢሮው በሰው እጅ ላይ ሦስት ጣት ሙሉ ጎድሎ አላየም፤ የገዛ ማህተሙን ሲያይ ግን ወዲያው አወቀው። እንደዚህ ያለ ዓይን የሚታከመው የት እንደሆነ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ደብዳቤውን ለጋሽ ኦይቻ በሩ ላይ አነበብኩላቸው። እንደገና አንብብ አሉኝ፤ አነበብኩ። ሦስተኛ አሉኝ፤ አነበብኩ። ከዚያ ለስላሳውን ወረቀት፣ ገና ምንም ያልነካውን ማህተም ሳይ፣ ያ አመሌ ተነሣብኝ።

“ጋሼ፣ ይህ እንኳ በደንብ መጠበቅ አለበት። ለነገሩ ሲቀላ…”

አላስጨረሱኝም። ግራ እጃቸው መጣ፤ ሁለቱ ጣቶች ደብዳቤውን ከእጄ እንደ ጉጠት ነጥቀው በጥጥ ጨርቁ ጠቀለሉት።

“መምህር፣ አንተ አንብብልኝ። ጥበቃው እኔ ነኝ!”