ክቡር አምባሳደር እና መቀርቀሪያ የሌለው በር

የሰው እውነተኛ ጠባይ የሚወጣው ደመወዝ የሌለው ሥራ ሲሰጡት ነው። ደመወዝተኛ አለቃውን ይፈራል፤ በነፃ የሚያገለግል ማንን ይፈራል? በየትምህርት ቤቱ ቦርድ ውስጥ፣ ሁሉም ወረቀቱን ሰብስቦ ሊነሣ ሲል፣ ጉሮሮውን ጠርጎ «አንድ ነገር ብቻ» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም።

ለአንዲት ርዕሰ መምህርት የደረሷት እንዲህ ያሉ ሰው ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነበሩ። መምህራኑ «ክቡር አምባሳደር» ይሏቸዋል፤ የተወከሉት ከተማሪዎቹ ሽንት ቤት ነው ለማለት።

ትምህርት ቤቱ መስታወትና ሳሙና ያለው አንድ ንጹሕ መጸዳጃ አለው። ቦርዱ ሲሰበሰብ ይከፈታል፤ ሲበተን ይቆለፋል። አምባሳደሩ ግን ርዕሰ መምህርቷ ቁልፉን ስትዘረጋላቸው፣ «የለም ልጄ፣ እኔ የማስተዳድረው የልጆቹን ነው» ብለው ግቢውን አቋርጠው ያዘግማሉ። ሲመለሱ ፊታቸው ፍርድ እንደሚያነብ ዳኛ ከብዶ ነው።

«በሩ ዛሬም መቀርቀሪያ የለውም።»

ስለ ቤተ መጻሕፍት ሲወራ፣ መቀርቀሪያ። ስለ አጥሩ ቀለም ሲወራ፣ መቀርቀሪያ።

«አባባ፣ በዕቅድ ተይዟል እኮ።»

«ሽንት ዕቅድ ያውቃል ልጄ?»

የባሰው እንግዶች የመጡ ዕለት ነው። የቦርዱ ሰብሳቢ፣ ልብሱን በልኩ ያሰፋው ነጋዴ፣ አዲሱን የኮምፒውተር ክፍል ሊያስጎበኝ ከፊት ከፊት ሲል፣ አምባሳደሩ እንግዶቹን በትሕትና እጅ ነሥተው ወደዚያው ወደ ተማሪዎቹ ሽንት ቤት መሯቸው። እንግዶቹ አፍንጫቸውን ይዘው ወጡ። ርዕሰ መምህርቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። ሰብሳቢው «ወይ እሳቸው ወይ እኔ!» ብሎ ስብሰባ ጠራ። እሷም ይነሡ ብላ እጇን ልታወጣ ቆረጠች።

ስብሰባው በሚደረግበት ቀን ጠዋት ግን የንጹሑ መጸዳጃ ቁልፍ በሰብሳቢው ኪስ ውስጥ ሄዶ ነበር። ቻል ብታደርገው አልሆነላትም። ግራ ቀኟን እያየች ወደ ተማሪዎቹ ሽንት ቤት አመራች። አንዲት ተማሪ በሩን በጀርባዋ ደግፋ ቆማለች። ጓደኛዋ ከውስጥ ስትወጣ፣ ልጅቷ ርዕሰ መምህርቷን አየችና ምንም ሳይደንቃት ፈቀቅ አለች።

«ይግቡ ቲቸር፣ እኔ እይዝልዎታለሁ።»

«ደወል ተደውሎ የለም እንዴ? ለምን ክፍል አትገቢም?»

«ተራችን ነዋ። የሚይዝላት ያጣች ልጅ ቤቷ ትሄዳለች። ከሄደች ደግሞ የዚያን ቀን አትመለስም።»

ርዕሰ መምህርቷ ገባች። ሰው ማዕረጉን ሁሉ ደጅ ትቶ የሚቀመጥበት ቦታ ቢኖር ያ ነው። ከሳንቃው ማዶ የልጅቷ ትንፋሽ ይሰማታል። በዚያች ስስ ሳንቃ ወዲህና ወዲያ ሆነው፣ ማን ማንን እያስተዳደረ እንደሆነ እርግጠኛ መሆን አቃታት።

ከሰዓት በኋላ ድምፅ ተሰጠ፤ እኩል ለእኩል ተከፈለ። የቀረው የእሷ ነበር። ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ ጠበቃት።

«አባባ ይቆዩ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ይቆዩ አልኩ።»

ሰብሳቢው አፉን ሳይዘጋ አምባሳደሩ ብድግ አሉ። «ይህ ድምፅ አይጸናም። ስለ ሰው ሲወሰን ሰውየው መውጣት ነበረበት። ከሥር ይጀመር።»

«ኧረ አባባ! ተረፉ እኮ!»

«ያለ ሥርዓት ተርፌ ምን ላደርግ?» አሉና ወጥተው በሩን ቀስ ብለው ዘጉ።

ርዕሰ መምህርቷ ጠዋት ያየችውን ተናገረች፤ አላሳመረችውም፣ አላሳጠረችውም። ከዚያ «ይቆዩ» የሚሉ እጆች አንድ በአንድ ወጡ። በመጨረሻ ሰብሳቢው ራሱ፣ ዓይኑን ኮርኒሱ ላይ ተክሎ፣ እጁን አወጣ።

ልትጠራቸው ስትወጣ አምባሳደሩ፣ ሲረብሽ ከክፍል እንደተባረረ ተማሪ፣ በኮሪደሩ ግድግዳ ጥግ ቆመዋል። ማንንም አይፈሩም የተባሉት ሰውዬ የኮታቸውን ቁልፍ ይፈታሉ፣ መልሰው ይቆልፋሉ።

«ይግቡ፣ አባባ።»

«በትክክል ተቆጠረ?»

«በትክክል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ግን ወዲያው አልተንቀሳቀሱም።

«ብታስወጡኝ ኖሮ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጠዋት ተነሥቼ የት እሄድ ነበር እያልኩ ነው።»

እስከዚያ ቀን ለወግ ያህል ብቻ አባባ ስትላቸው የኖረችው ሴት፣ ክንዳቸውን ደግፋ ይዛ አስገባቻቸው።